ጣሳውስ መቼ ይጾማል?

በወሎ ደጋ ገበያ ጣሳ የማያውቅ የለም። የዘይት ወይም የዱቄት ወተት ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ገብስም፣ ምስርም፣ ባቄላም ይሰፈርበታል። ሚዛን በሌለበት፣ ወይም ሚዛን እያለ የገዥዋ ገንዘብ ለኪሎ በማይበቃበት ቦታ ፍርዱ የጣሳው ነው። ሥሩን መታ መታ አድርገው ወደ ውስጥ ካጎበጡት በየስፍሩ እፍኝ ያህል እህል ለሻጩ ይቀራል። ማንም አያይም። ገዥዋ ቤቷ ደርሳ ስትከካው «ዛሬስ አልበረከተልኝም» ትል ይሆናል እንጂ ጣሳውን ማን ብላ ትከሳለች።

ጣሳ የሚያጎብጠው ነጋዴ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን አይፈታም። በወር በ12 የሚካኤል ማኅበርተኛ ነው፤ ጽዋው ሲደርሰው ያለውን አውጥቶ ይደግሳል። የቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ሲዋጣ ስሙ ከፊት ይጠራል። አስመሳይ ነው ለማለት አይቻልም። ጾሙን የሚጾመው ከልቡ ነው፣ ሲታመምም እንኳ ቄሱ ካልገሠጹት በቀር አይፈታም። ሆዱን አስርቦ፣ እግሩን አስቁሞ፣ ራሱን አስጎንብሶ ለፈጣሪው ሰጥቷል። ጣሳው ግን አንድም ቀን ጾሞ አያውቅም።

አቀስታም ሆነ መካነ ሰላም፣ ደሴም ሆነ አዲስ አበባ ነገሩ ያው ነው። በየቢሮው «ነገ ተመለስ» የሚለው ጸሐፊ ጠረጴዛው ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ። አራት ቀን በእግር ተጉዞ የመጣን ገበሬ «ሰውየው ስብሰባ ላይ ናቸው» ብሎ ሲመልሰው፣ ሥዕሉ ከገበሬው ፊት ለፊት ነው። የቀን ሠራተኛን ሒሳብ ለሁለት ሳምንት አስይዞ የሚያሠራ ተቋራጭ ለንግሥ በዓል በሬ ይገዛል። ክፍል ውስጥ ግማሹን ሰዓት የማይገባ መምህር ቅዳሴ ላይ አርፍዶ አያውቅም። ሰው ሁለት ሕግ ይዞ ይኖራል፤ አንዱ የሆድና የቀን መቁጠሪያ፣ ሌላው የገበያና የቢሮ። ሁለቱ እንዳይገናኙ መሐላቸው አጥር አለ፤ አጥሩም «ሥራ እኮ ነው» የሚል ቃል ነው።

የሚገርመው ይህ የሚሆነው እዚህ አገር መሆኑ ነው። ከአቀስታ ወደ ምዕራብ፣ መካነ ሰላም ደርሶ ወደ ቦረና ገደሎች የሚወርደው አገር የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ አገር ነው። በ1357 ዓ.ም. ገደማ በዚሁ በወሎ ምድር፣ ሰግላ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን የቤተ መንግሥት ካህን ነበሩ። ለትምህርት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ገቡ፤ ገድላቸው እንደሚተርከው ግን ትምህርቱ አልገባ አላቸው። ጓደኞቻቸው መጽሐፍ ሲዘልቁ እሳቸው ለገዳሙ እህል ይፈጩ ነበር። መጅ ይዘው፣ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው።

ወሎ ገጠር ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ወፍጮ የሴት ሥራ ነው። የሞተር ወፍጮ ከመምጣቱ በፊት እናቶች ዶሮ ሳይጮኽ ተነስተው፣ ልጅ ጀርባቸው ላይ አዝለው የሚሠሩት፣ ጉልበትና ወገብ የሚጨርስ ሥራ ነው። ወንድ መጅ ሲይዝ ቢታይ መንደሩ ይስቅበት ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ካፈራቻቸው ደራሲያን ሁሉ ከላይ የሚቀመጡት ሰው ወጣትነታቸውን ያሳለፉት እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምእመኑ ያውቀዋል። በእመቤታችን አማላጅነት ጥበብ ተገለጠላቸው፤ «መጽሐፈ ሰዓታት»ን፣ «መጽሐፈ ምስጢር»ን ደረሱ፤ «አርጋኖን»ም የሳቸው ነው ይባላል። በዐፄ ዳዊት ዘመን በሃይማኖት ክርክር ምክንያት ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ መጨረሻቸው ጋስጫ ሆነ። መታሰቢያቸው ሐምሌ 7 ነው። ዛሬ በየደብሩ ሌሊት የሚቆመው ሰዓታት ከሳቸው እጅ የወጣ ነው።

ይህ ታሪክ ሲሰበክ ወፍጮው ሁልጊዜ እንደ ውርደት ነው የሚነገረው፤ ጥበብ እስክትመጣ የታገሡት የመከራ ጊዜ ተደርጎ። ሌላ ንባብም አለው። ቀንና ሌሊትን በጸሎት ሰዓት የከፋፈለው ሰው፣ ቀን በሥራ ሲከፋፈል ምን እንደሚመስል በወገቡ የሚያውቅ ሰው ነበር። (ገድሉ በዚህ መልክ አያያይዘውም፤ ወፍጮውንና ሰዓታቱን አጠገብ ለአጠገብ ካስቀመጡ ግን ማያያዙ ይመጣል።)

የጸሎት ሰዓቶቹን ልብ ብሎ ያየ ይህን ያገኘዋል። ሰባት ናቸው፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ኢትዮጵያዊ ገበሬ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች ከጎሕ ጀምሮ ስለሆነ ለዚህ ትርጉም አያስፈልገውም። ሐዋርያት መንፈስ ቅዱስን የተቀበሉበት 3 ሰዓት እሱ በሬ ጠምዶ ሁለተኛ ፈር የሚያወጣበት 3 ሰዓት ነው። ጌታ የተሰቀለበት 6 ሰዓት ምሳ ከቤት የሚመጣለት 6 ሰዓት ነው። ነፍሱን የሰጠበት 9 ሰዓት በሬው ደክሞ ምላሱን የሚያወጣበት ነው። ከሰባቱ ቢያንስ አራቱ የወደቁት በሥራ መሐል ነው። በሥራ መሐል የሚመጣ ጸሎት ደግሞ ሥራውን ያያል። ጣሳውን እጁ ላይ ይዞ «አቤቱ ማረን» የሚል ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ጸሎቱን ይተዋል ወይ ጣሳውን ያቃናል።

የሆነው ሌላ ነው። የሰባቱ ሰዓት ጸሎት ቀስ በቀስ የመነኩሴ ሆኖ ቀረ፤ ለምእመኑ የተረፈለት የቀን ቁጥር ነው። 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ፣ ከዚያ ላይ ቅዳሜና እሑድ። ሃይማኖት «የማይሠራበት ቀን» ሆነ። እንዲህ ሲሆን በሚሠራበት ቀን የሃይማኖት ቦታ የት እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ ዘሎ «የበዓል ብዛት ነው ያደኸየን» ይላል። ከዚያ መቸኮል አያስፈልግም። በአቦ ቀን የማያርስ ገበሬ ተኝቶ አይውልም፤ ገበያ ይሄዳል፣ አጥር ያጥራል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ሽምግልና ይቀመጣል። በሬዎቹም ያርፋሉ፤ የደጋ በሬ ባያርፍ የገበሬውን ዕዳ ማን ይከፍለዋል? የበልግ ዝናብ በመጣበት ሳምንት ሦስት በዓል ሲደረደር ግን ጉዳቱ እውነት ነው፣ የለጋምቦ ገበሬም ያንን ሳይነግሩት ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን የራሷ የጥንት ሕግ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ይልቅ ግልጽ ነው፤ የሐዋርያት ሲኖዶስ የሚባለው የቀኖና መጽሐፍ አገልጋዮች አምስት ቀን እንዲሠሩ፣ ቅዳሜና እሑድ ግን አርፈው ቤተ ክርስቲያን ሄደው እንዲማሩ ያዝዛል። አምስቱ ቀን የታዘዘው በዚያው አፍ ነው። ዕረፍቱም የታዘዘው ለማን እንደሆነ ይታይ፦ ለአገልጋይ፣ ለሌላ ሰው ለሚሠራ።

ታዲያ በበዓል ቀን ማን ያርፋል? ወንዱ ያርፋል። ማኅበሩ የሚጠጣው ጠላ፣ የሚቆረሰው ዳቦ፣ የሚቀርበው ወጥ ከሰማይ አይወርድም። ሚካኤል ሲሆን በ11 ሌሊቱን ስታቦካ የምታድር፣ በ12 ቀኑን ሙሉ ስታስተናግድ የምትውል፣ በ13 እንሥራ ስታጥብ የምታረፍድ ሴት አለች። ውኃ መቅዳት የሚከለክል በዓል የለም። «በዓል ሻረች» ተብላ የምትወቀሰው እንዝርት ከነካች ነው፤ ለሃያ ሰው ብትጋግር ግን «እግዜር ይስጥልን» ትባላለች። አባ ጊዮርጊስ የቆሙበት ወፍጮ ዛሬም የቆመው እሷ ጓዳ ውስጥ ነው፤ ቀለበቱ ኤሌክትሪክ ወይ ናፍጣ ሆነ እንጂ።

ወደ መጽሐፉ ስንመለስ፣ ለዚህ ጉዳይ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 የበለጠ የሚነበብ ያለ አይመስልም። መጥምቁ ዮሐንስ በበረሃ ይሰብካል። ሕዝቡ «ምን እናድርግ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ዮሐንስ አንበጣና የበረሃ ማር የሚበላ፣ የግመል ጠጉር የሚለብስ ባሕታዊ ነው፤ ከሱ የሚጠበቀው መልስ «ጹሙ፣ በረሃ ግቡ» ነበር። የሰጠው መልስ ሌላ ነው። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ነገራቸው። ቀራጮች መጡ፤ ከታዘዘው በላይ እንዳይቀርጡ አዘዛቸው። ወታደሮችም መጡ፤ ሰውን እንዳያስጨንቁ፣ በሐሰት እንዳይከስሱ፣ ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው። አንዱንም «ሥራህን ተው» አላለውም። ለእያንዳንዱ ከገዛ ሥራው ውስጥ፣ ኃጢአቱ የሚቀመጥበትን ጥጉን አሳየው። ለቀራጭ ስለ ቀረጥ፣ ለወታደር ስለ ጠመንጃ።

ይህ ምዕራፍ ዛሬ በአማራ ክልል ይነበብ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በየመንገዱ ኬላ አለ፤ አንዱ የዚህ ወገን፣ አንዱ የዚያ። ኬላው ላይ የቆመው ወጣት የየትኛውም ይሁን የየትኛው፣ አንገቱን ዝቅ ብሎ ላየው ማተብ አለው። የጭነት መኪና ሲያስቆም ማተቡ አብሮት ቆሟል። ሹፌሩም ማተብ አለው። የተጫነው እህል ዋጋ አቀስታ ሲደርስ የሚጨምረው በነዚህ ሁለት ማተቦች መሐል በሚያልፈው ብር ነው። «ደመወዛችሁ ይብቃችሁ» የሚለውን ለወጣቱ የሚያነብለት ሰው የለም፤ ለሱ የሚነገረው ስለ ድልና ስለ ሰማዕትነት ነው። ጉዳዩ ማን ይግዛ የሚለው ክርክር ሳይሆን፣ ኬላ ላይ የቆመ ክርስቲያን እጁን የት ያሳርፍ የሚለው ነው። ይህን ደግሞ ከፖለቲካው ይልቅ ወንጌሉ ቀድሞ መልሶታል።

መጽሐፍ ማንበብ በራሱ አላነሰም። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1954 ዓ.ም. በአማርኛ እንደገና ከታተመ ወዲህ በየቤቱ አለ፤ አሁን ደግሞ በየስልኩ አለ፣ ስብከቱም በቴሌግራም ቀንና ሌሊት ይፈስሳል። የጎደለው የሚነበበው ነገር ከሥራ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ቦታው ግን ተሠርቶ የተቀመጠ ነው፤ ጽዋ ማኅበሩ። አሥራ ሁለት ወይም ሃያ አራት ሰዎች፣ የሚተዋወቁ፣ በየወሩ የሚገናኙ፣ አንዱ ለአንዱ ቤት የሚገባ፣ ሙሴ ያላቸው፣ ቄስ የሚገኝላቸው። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር አንድ ምንጣፍ ላይ። ከጸሎቱና ከጽዋው በኋላ ወሬው የሚሄደው ወዴት ነው? ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ እገሌ ሠርግ፣ ስለ ጦርነቱ። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተወስዶ አንድ ምዕራፍ ቢነበብ፣ ከዚያ ሙሴው «በዚህ ወር ሥራህ ላይ ምን አስቸገረህ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ነርሷ መድኃኒት «አልቋል» ብላ የመለሰቻትን እናት ቢያስታውሳት፣ ነጋዴው ስለ ጣሳው ባይናገር እንኳ ዝም ብሎ ቢሰማ፣ ይህ አዲስ ሃይማኖት አይሆንም። ማኅበሩ ለዚያ ነበር የተቋቋመው። አንዱ ሲራብ አንዱ እንዲያውቅ።

«ይህማ ንስሐ አባት ጋ የሚያልቅ ነገር ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ የግሉ እዚያ ያልቃል። ግን ንስሐ አባት የሚጠይቁት ምን እንደሆነ ይታወቃል፦ ጾም ፈትተሃል? በዓል ሽረሃል? «ጣሳህ ስንት ነው የሚይዘው?» ብለው የሚጠይቁ ቄስ ካሉ፣ እድሜ ይስጣቸው።

ለአቀስታ ሌላም ነገር አለው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከደቡብ ወሎ ነዋሪ ከአሥር ሰባቱ ያህል ሙስሊም ነው፤ ለጋምቦ ውስጥ ሙስሊሙ ከዚያም ይበዛል። ስለዚህ ከዚያ ጣሳ የምትገዛው ሴት አብዛኛውን ጊዜ ሙስሊም ናት። ቅዳሴውን አልሰማችም፣ ስብከቱንም አልሰማችም፣ የሚካኤል ማኅበር ላይ አልተቀመጠችም። ስለ ክርስትና የምታውቀው ጎረቤቷን ነው፤ ሲሞትባት ቅሬ የሚመጣውን፣ ለጅጌ የሚያርስላትን፣ ገበያ ላይ የሚሰፍርላትን። ለሷ ወንጌሉ ጣሳው ነው።

ይህ አገር ደግሞ የሃይማኖት ስምና የሃይማኖት ኑሮ ሲለያዩ ምን እንደሚሆን አንዴ ቀምሶታል። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት ከተደረገው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም መኳንንትና ሕዝብ ክርስትና እንዲነሣ ታዘዘ። ትእዛዙ ያፈራው ብዙ ስደትና ደም፣ ከዚያም «ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም» የሚባል ኑሮ ነበር። በግድ የተጫነ ስም ልብ ውስጥ አይገባም። በእርግጥ የዛሬው ነጋዴ ማንም አላስገደደውም። ግን እሱም እሑድ ክርስቲያን፣ ማክሰኞ ሌላ ነገር ሆኖ ሲውል ያንን የድሮውን ኑሮ በገዛ ፈቃዱ ይዞታል።

የነገሩ ከባዱ ጥግ ጣሳ አይደለም፤ ደላላ ነው። ከደቡብ ወሎ ወደ ዐረብ አገር የሚሄደው የልጃገረድ ብዛት ሰው ያውቀዋል፤ አንዳንዱ መንደር ውስጥ አንድም ሰው ያልላከ ቤት ማግኘት ይቸግራል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ስትመልስ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ከወረዱት ውስጥ የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጥቷል፤ በ2012 የወጣው ሰውን መነገድና በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ደላላውን ለረጅም ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ደላላው ግን ከጎረቤት ነው። ክርስቲያን ነው፣ ወይ ሙስሊም ነው፤ በየቤቱ የክርስትና ወይ የሰደቃ ዘመድ ነው። አፋር በረሃ ላይ፣ ኦቦክ ባሕር ዳር ላይ የሚሆነውን እያወቀ የልጅቱን እናት ላም ያሸጣል። ለንግሥ ስዕለት የሚያስገባው ከዚያው ብር ነው። ያንን ስዕለት ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ የሚቀበል ደብር ካለ የደላላው ሸሪክ ነው፤ ከዚህ ለስልሶ ሊባል አይችልም።

ልጅቱስ? ብዙ ክርስቲያን ልጆች ፓስፖርት ሲያወጡ ስማቸውን ለውጠው የሙስሊም ስም ይይዛሉ፤ ማተባቸውን ፈትተው እናታቸው ጋ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ሳዑዲ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም። ካህን የለም፣ ጠበል የለም፣ በዓል የሚባል ዕረፍት የለም። ከጎሕ እስከ እኩለ ሌሊት ሥራ ነው። ምግቡን ያበሰለችው እሷ ናትና ሥጋውን ለይታ ትታ በሩዝ ብቻ ሁዳዴን ትጾማለች፤ «ሆዴን ያመኛል» ትላለች። ልብስ ስትተኩስ ጆሮዋ ውስጥ በስልኳ ውዳሴ ማርያም ይዞራል። ሌሊት ወጥ ቤት ውስጥ ሰዓታት ከፍታ፣ ሕፃኑ እንዳይነቃ ድምፁን ዝቅ አድርጋ፣ በልቧ ትከተላለች። ያ ሰዓታት የተደረሰው እዚሁ አገሯ ላይ፣ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብሎ ባደገ ሰው መሆኑን ማንም ነግሯት ላያውቅ ይችላል። ያሠሪዎቿን ወርቅ አትነካም። ሕፃኑን እንደ ልጇ ታዝላለች። ወንጌሉን የምትኖረው ሥራዋ ውስጥ ነው፣ ከሥራዋ ውጭ የሆነ ሰዓት ስለሌላት።

በወር አንዴ ብር ትልካለች። ከፊሉ ለታናሽ ወንድሟ ትምህርት፣ ከፊሉ ለደላላው ዕዳ፣ ከፊሉ ለቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ይሄዳል። በተረፈው እናቷ በገበያ ቀን አቀስታ ወጥታ ለጾሙ ምስር ትገዛለች። የሚሰፈርላትም በዚያው ጣሳ ነው።